አባባ ያወጡት የመርፌ ሕግ

ፍሪጅ የገዛሁ ዕለት የመንዟ ከተማችን ሞላሌ ሙሉ ሳቀችብኝ። አልፈርድባቸውም። በኅዳር ጠዋት እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ ላዩ በረዶ ሠርቶ በሚገኝበት አገር ልብስ ሰፊዋ እየሩስ ብርድ በገንዘቧ ገዛች! ዕቃውን በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት ሳመጣው ጎረቤታችን ጋሽ ወዳጆ በርኖሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ያለው ብርድ አነሰሽ?» አሉኝ።

«ያለውማ የሁላችን ነው ጋሼ፤ እኔ የግሌን ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

መልስ አጥቼ አላውቅም። ይህ ጠባዬ ከስንቱ ጋር አጣልቶኛል፣ ያን ቀን ግን ጠቀመኝ፤ አብሬያቸው ስቄ ገባሁና ፍሪጁን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አቆምኩት። ምን እንደማስቀምጥበት የሚያውቁት እናትና አባቴ ብቻ ነበሩ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንድ ሰኞ ግራ ዓይኔን ጭጋግ ሸፈነው፤ ዓርብ ላይ ጭራሽ ጨለመ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ብርሃኑ ሲመለስልኝ ደግሞ ቀኝ እግሬ መጎተት ጀመረ። ጠበል ተጠመቅሁ፣ ጤና ጣቢያ ተመላለስኩ፣ በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄጄ የበሽታዬን ስም ሰማሁ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ። ዶክተሩ ሲያስረዳኝ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ ነርቮቼን ሽፋን እየላጠ ነው አለኝ፤ የመብራት ገመድ ላስቲኩ ሲላጥ እንደሚሆነው ማለት ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ነቅሎ አይጥለውም፣ የሚቀጥለውን ጥቃት ግን ያርቃል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከቆዳዬ ሥር ራሴን እወጋለሁ፤ ፍሪጁም የተገዛው ለእሱ ነው።

መውጋቱን አልፈራሁትም። ዕድሜ ልኬን ከመርፌ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ! ያሸነፈኝ ከመርፌው በኋላ የሚመጣው ነው። የተወጋሁበት ቦታ ይቀላል፣ እንደ እንቁላል ያብጣል፣ ያሳክከኛል፣ ሲቆይ ደግሞ ቆዳዬ ሥር ባቄላ የሚያህል የደደረ ነገር ይቀራል። ዓመት ሲሞላኝ ቀኝ ጭኔ ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ወጣ፤ ስቡ ከሥር ሟሙቶ ሄዷል። ሞኝነቴ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ጉድጓዱ አካባቢ ቆዳዬ ስለደነዘዘ አያምመኝም ነበር። እኔም ሌላ ቦታ ተወግቼ ከምንገበገብ ብዬ እዚያው እየደጋገምኩ ወጋሁት። እማዬ ደግሞ ከእያንዳንዱ መርፌ በኋላ ቅቤ ይዛ ትመጣና ታሸኛለች። በእሷ ቤት ያበጠ ነገር ሁሉ መታሸት አለበት።

በኅዳር ለቀጠሮ ስሄድ ዶክተሩ ጭኔን አየና ብዕሩን አስቀመጠ።

«እየሩስ፣ እዚህ ላይ መውጋት መድኃኒቱን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው» አለኝ። «የሦስት ወር ጊዜ እሰጥሻለሁ። በየካቲት ስትመጪ አዲስ ጉድጓድና አዲስ እብጠት ካየሁ ለማቆም እንገደዳለን። የምተካልሽ ሌላ መድኃኒት ደግሞ አሁን እጄ ላይ የለም።»

ማቆም ማለት ዓይኔ ማለት ነው። ዓይኔ ደግሞ እንጀራዬ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሞላሌ ድረስ መስኮት ላይ ተደግፌ ሦስት ወር፣ ሦስት ወር እያልኩ መጣሁ።

ቤት ስደርስ አባባ ምድጃ ዳር ተቀምጠው ነበር። አባቴ አቶ ወንዳፈራሁ ጉልበታቸው ደክሞ ሞላሌ እኔ ጋር እስኪገቡ ድረስ የጓሳን ሕግ ከሚያስከብሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። ጓሳ የፈለገ ሁሉ ከብቱን እየነዳ የሚገባበት ሜዳ አይደለም። ይዘጋል፣ ለዓመታት ያርፋል፣ ሽማግሌዎች ሲፈቅዱ ተከፍቶ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። አባባ በዚያ ሕግ ስንቱን ጉልበተኛ ቀጥተዋል። ቦርሳዬን ወረወርኩና ዶክተሩ ያለኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው።

«ለመሆኑ መርፌው የሚወጋው ስንት ቦታ ነው?» አሉ።

«ሰባት።»

የዶክተሩ ክፍል ነርስ ሲስተር ስንታየሁ የመጀመሪያው ቀን በሥዕል የተደገፈ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር፤ ሁለቱ ጭኖች፣ ሆድ፣ ሁለቱ ክንዶች ከኋላ በኩል፣ ሁለቱ ዳሌዎች። ወረቀቱን አጣጥፌ የሚንገዳገደው የስፌት መኪናዬ እግር ሥር ወትፌዋለሁ።

«አንቺ ስንቱን ወጋሽ?»

«አንዱን።»

«ስድስቱን ለማን አስቀመጥሽው?»

መልስ አጣሁ። እኔ!

አባባ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ጓሳ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ነበረብን። ከብቱን ከደጁ አያርቅም። ቅርብ ነው፣ ለምደውታል ይላል። ከጀርባው ለምለም ሣር ተኝቶለት ያቺን ዳርቻ አፈሩ እስኪነጣ ያስግጣታል። መሬት እኮ ሣሩ ስለታጨደ አይሞትም፤ ሥሩ ሲነካ ነው የሚሞት። ሕግ የሌለው ቆዳ ይዘሽ ነው የኖርሽው!»

«ሌላው ቦታ ያምማላ፣ አባባ!»

«ሕግ መቼ ሳያም ቀርቶ ያውቃል?»

ወረቀቱን ከመኪናው እግር ሥር አውጥቼ ጮክ ብዬ እንዳነብ አዘዙኝ። አልኮሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ቦታ ይቀያይሩ። ከተወጉ በኋላ ቦታውን አይሹ። እዚህ ላይ ስደርስ እማዬ የቅቤ ዕቃዋን አንሥታ ወደ ጓዳ መለሰችው።

ከዚያ አባባ የስፌት ጠመኔዬን ወሰዱና የጓዳው በር ላይ ከውስጥ በኩል መሣል ጀመሩ። ሰው አልሣሉም፤ የሴት ልጃቸውን ገላ እንዴት አድርገው ይሥላሉ? አገር ሣሉ። በሰባት ከፈሉትና ለየአንዳንዱ ስም አወጡለት። ሆዴ «ሜዳው» ተባለ። ጭኖቼ «የቀኝ ተረተር» እና «የግራ ተረተር» ሆኑ። ክንዶቼ «ራስጌ»፣ ዳሌዎቼ «ጓሮ»። «ጓሮ» ሲሉ እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ወትፋ ሳቀች። የአባባ ፊት ግን አልተፈታም።

«የቀኝ ተረተር ተዘግቷል» አሉ። «እኔ ካልከፈትኩት ማንም አይነካው። ሌላው በተራ ነው። አንድ ቀን የተነካ ሳምንት ሳያርፍ አይደገምም፤ ሲደገምም ከፊተኛው ሁለት ጣት ተርቆ ነው።» ወደ እማዬ ዞሩ። «ጌታነሽ፣ ዓይኔ አንቺ ነሽ፤ እያየሽ ትነግሪኛለሽ።»

«ሕግ የጣሰስ?» አልኩ ለመቀለድ።

«የአንድ በግ ጠጉር አበጥሮ ይፈትላል።»

ሱፍ መፍተል ከሥራ ሁሉ የምጠላው ነው፤ አሳምረው ያውቃሉ። በእመብርሃን ስም አስማሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሸንጎ ሆነ። እማዬ በየጠዋቱ ገላዬን ትፈትሽና ለአባባ ሪፖርት ታቀርባለች። አንድ ቀን ጋሽ ወዳጆ ገና እግራቸው ከመግባቱ «የግራው ተረተር ትንሽ ቀልቷል፣ ሜዳው ግን ለምለም ነው» ስትል ሰሟት። ዓይናቸው በራ። «ለምለም ሜዳ ካለማ የኔንም ሁለት በጎች ብቀላቅል ምን ይላችኋል?» አሉ። እኔ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። አባባ ፍንክች ሳይሉ «ገና አልተከፈተም» ብለው መለሱላቸው።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። የቀኝ ጭኔ እብጠት ሟሸሸ፣ እውነት ነው። ሌላው ቦታ ግን እንደ ድሮው ያብጣል! ሆዴም፣ ግራ ጭኔም፣ ዳሌዬም። አሁንማ አገሩን በሙሉ አቃጠልነው ብዬ ጮህኩ። የቀረኝን ቀን ቆጥሬ ስጨርስ ተናድጄ ለሲስተር ስንታየሁ ደወልኩላት።

«መድኃኒቱን ከፍሪጅ አውጥተሽ ግማሽ ሰዓት ታቆዪዋለሽ?» አለችኝ።

«ሰዓት እያየሁ ነው የማቆየው!»

«የት?»

«መደርደሪያ ላይ፣ ቤት ውስጥ።»

«እየሩስ፣ ቤታችሁ ምን ያህል ይቀዘቅዛል?»

«ዛሬ ጠዋት ፊቴን የታጠብኩት እንስራው ላይ የነበረውን በረዶ በጭልፋ ሰብሬ ነው።»

ሲስተር ሳቋን መያዝ አቃታት። «የኔ እህት፣ ያን ወረቀት የጻፈው ሰው መንዝን አያውቃትም! አንቺ እኮ ከፍሪጅ ወደ ፍሪጅ ነው የምታዛውሪው። ቀዝቃዛ መድኃኒት ነው ቆዳሽን የሚያስቆጣው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ብብትሽ ሥር ያዢው። እሳት ዳር እንዳታስጠጊው፣ ሙቅ ውሃ ውስጥም እንዳትከቺው፤ የገላሽ ሙቀት ይበቃል። ከተወጋሽ በኋላ ደግሞ ቀዝቃዛ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ፣ ሳታሺ።»

«ቀዝቃዛ ጨርቅስ እግዜር ይስጠው፣ ሞልቶናል!» አልኳት።

ዓርብ ጠዋት መርፌውን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ግማሽ ሰዓት በአንድ እጄ ስሰፋ ቆየሁና ጓዳ ገብቼ ሜዳው ላይ ተወጋሁ። ቀዝቃዛ ጨርቅ አሳረፍኩበት። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ሃያ ደቂቃ። ሳንቲም የምታህል ቅላት፣ በቃ! አላበጠም! «እማዬ! እማዬ!» እያልኩ ሆዴን ገልጬ ወጣሁ። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ልብስ ስለካላት ጥያት የገባሁት ወይዘሮ ይታይሽ ግማሽ ቀሚስ ለብሳ፣ በስፒል እንደተያያዘች ቆማለች። ሆዴን አየች፣ ዘልዬ እማዬ አንገት ላይ ስጠመጠም አየች። ፀነሰች ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ እሷም ትስመኝ ጀመር። ማስረዳቱን ተውኩት፤ ደስታ እንደሆነ ደስታ ነው።

ግን ሰው ሲደላው ይረሳል። ጥምቀት ደረሰ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ፣ ሞላሌ ውስጥ ልብስ ያላዘዘ ሰው አልነበረም። የከተራ ዕለት ጠዋት ደጄ ላይ ስድስት ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል፣ የመርፌዬ ቀን ደግሞ ነው። ብብት ሥር ግማሽ ሰዓት ማን ይጠብቃል! ከፍሪጅ አወጣሁት፣ አልኮሉ ሳይደርቅ ያችን የለመድኳትን የቀኝ ጭኔን ወጋኋት። አንድ ጊዜ ነው፣ አያምምም፣ ማን ያያል አልኩ።

በማግስቱ ታቦቱን ስናጅብ አነከስኩ። እማዬ ወደ ቤት እንደተመለስን ቀሚሴን ገልጣ አየች። ጡጫ የሚያህል እብጠት ነበር። ለአባባ ስትነግራቸው ይጮሁብኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። አልጮሁም። ዘንጋቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«በደርግ ጊዜ ያባቶቻችን ሕግ ተሽሮ ነበር» አሉ። «ሁሉም እንደ ልቡ ጓሳ ገባ። እኔም ማጭዴን ይዤ ገባሁ። ለቤቴ ክዳን የምትሆን ሣር ፈልጌ ነው፣ አንድ ጊዜ ነው፣ ምን ይጎዳል ብዬ። ስገባ አገሩ በሙሉ እዚያ ነው። ሁሉም አንድ ጊዜ ነው ብሎ የገባ ነበር።»

ያን ነግረውኝ አያውቁም። አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የበግ ጠጉሩን ራሴ አምጥቼ ቁጭ አልኩ። ሦስት ቀን እየተነጫነጭኩ ፈተልኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ያበጥሩልኝ ጀመር።

ከዚያ በኋላ አልሰረቅሁም። ጥር ሲያልቅ ግን ሌላ ችግር መጣ። እማዬ ለለቅሶ ቀየት ወደሚባል መንደር ሄደች፤ የዕለቱ ተራ ደግሞ የራስጌ ነው። የክንዴን ጀርባ ራሴ ልደርስበት አልችልም፤ ሁልጊዜ የምትወጋኝ እሷ ናት።

«ወደ ሜዳው ልለፍ?» አልኩ።

«ሜዳው ሰኞ ተነክቷል። ሕግ ሲመች ብቻ አይደለም።» አባባ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ክንድ... ክንድ ለአባት ነውር የለውም» አሉ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

መርፌውን ተቀብለው በርኖሳቸው ሥር፣ ብብታቸው ውስጥ አስገቡትና ሳይነቃነቁ ተቀመጡ። ትንፋሻቸውን ሁሉ የቆጠቡ መሰለኝ። በመሀል ጋሽ ወዳጆ ገቡና እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። አባባ ክንዳቸውን ቢያነሡ መርፌው ይወድቃል። «ቁርጥማት ይዞኛል፣ ይማሩኝ» አሉ በአንገታቸው ሰላም እያሉ። ጋሽ ወዳጆ እግዜር ይማርዎ ብለው ተጨንቀው ወጡ፤ እኔ ሳቄን አፍኜ ልሞት ደረስኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። «ቀጥ አድርገው ያስገቡት፣ ቀስ ብለው ይጫኑ» አልኳቸው። መርፌውን እንደ ማጭድ ጨበጡት።

«በግ ስንቴ ወግቻለሁ» አሉ።

«በግ አይደለሁም እኮ።»

«በግ ብትሆኝማ ምን ቸገረኝ!»

ወጉኝ። አላመመኝም ማለት ውሸት ነው፣ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ቀዝቃዛውን ጨርቅ አሳርፈው፣ ሳያሹ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አቡነ ዘበሰማያትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገሙ። ጨርቁን ሲያነሡ ክንዴ እንደነበረ ነው። እሳቸው ግን ግንባራቸውን አልቧቸው ነበር፣ በዚያ ብርድ!

የካቲት ደረሰ። አባባ አብሬሽ እሄዳለሁ ብለው ድርቅ አሉ፤ እማዬ ለበጎቹ ስትል ቀረች። በሌሊቱ አውቶቡስ ወጥተን አዲስ አበባ ሆስፒታሉ ደረስን። አባባን ኮሪደሩ ላይ፣ ብዙ ሰው ከተቀመጠበት ረጅም ወንበር ጥግ ላይ ትቻቸው ገባሁ።

ዶክተሩና ሲስተር ስንታየሁ መጋረጃ ጋርደው ፈተሹኝ። ዶክተሩ በጣቱ እየተጫነ ይሄዳል። ሆዴን ተጫነ። ግራ ጭኔን። ክንዶቼን አገላበጠ። ሲስተር ዳሌዎቼን አየች። ወደ ቀኝ ጭኔ ተመለሰ።

«ይሄ ጉድጓድ አይሞላም» አለ። «ስቡ ከጠፋ አይመለስም። እዚህ ዳግመኛ እንዳትወጊ።»

«እሱስ ተዘግቷል» አልኩ። «ሌላውስ?»

«ሌላው?» ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ። «ሌላው በጣም ጥሩ ነው። አዲስ ጉድጓድ የለም፣ የደደሩትም ለስልሰዋል። የተነሣሽው የጭንቅላት ኤምአርአይም አዲስ ጥቃት አላሳየም። መድኃኒቱን ትቀጥያለሽ።»

ሲስተር ስንታየሁ ከዶክተሩ ቀድማ አቀፈችኝ። ቀሚሴን በአግባቡ እንኳ ሳላስተካክል በሩን ከፍቼ ወጣሁ። አባባ አዩኝና ተነሡ። ዘንጋቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ አላነሡትም።

«ቀጥዪ አሉኝ፣ አባባ! ቀጥዪ አሉኝ!»

አባቴ፣ ጓሳ ላይ ጉልበተኛ ሁሉ የሚፈራቸው አቶ ወንዳፈራሁ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጣሉና እልል አሉ። እንደ ሴት! በዚያ በሻከረ የሽማግሌ ድምፅ፣ እየተቆራረጠ፣ እልልልል! ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ጥበቃው ሮጦ መጣ።

«አባት፣ ምን ሆኑ? ወንድ ልጅ እልል ይላል እንዴ?»

«እናቷ መንዝ ናት» አሉ አባባ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። «እዚህ እልል የሚልላት ሴት ዘመድ የላትም። ማን ይበልላት?»

ተመልሰው ሊሉ ቢሞክሩ ድምፃቸው ሰለለ። ያን ጊዜ ከወንበሩ ላይ አንዲት የማናውቃት ሴት ተነሥታ እልልታውን ተቀበለቻቸው።